በሥራ ቦታ የሰውነት እንቅስቃሴና የጤና ትምህርት፦ ከወሎ ፋብሪካዎችና ቢሮዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኮምቦልቻ የስፌት መስመር እስከ ደሴ ባንክ ቤት፣ ከወልዲያ ትምህርት ቤት እስከ ባቲ መጋዘን የሚነሱት ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው። መልሶቹ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም የተጻፉ ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ፦ የሥራ ቦታ ስፖርት የሚዘልቀው አጭር ሲሆን፣ በሥራ ልብስ ሲሠራና ጊዜው ከሥራ ሰዓት ሲቆረስ ነው። ከምሳ ሰዓት ወይም ከሰርቪስ መጠበቂያ የተቆረሰ ስፖርት ወር አይሞላውም።

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ሥራው ራሱ ስፖርት አይደለም ወይ?

አይደለም። መድከም ሌላ፣ ስፖርት ሌላ ነው። የሽመና ማሽን አጠገብ ቆሞ የሚውል ሰው እግሩ ይዝላል፣ ባቱ ያብጣል፤ ልቡ ግን ከወትሮው ብዙም ፈጥኖ አይመታም። ልብስ የምትሰፋ ሠራተኛ ጣቶቿና ቀኝ እግሯ ሲንቀሳቀሱ ይውላሉ፤ ጀርባዋና ጭኗ ግን ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ። ጫኝና አውራጁ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ትከሻ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ያንኑ ጡንቻ ያለ ዕረፍት ያሠራል። እንቅስቃሴው የሚያስፈልገው ሥራው የረሳቸውን የሰውነት ክፍሎች ለማንቀሳቀስና ሥራው ያዛላቸውን ለማሳረፍ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨምራል። መካከለኛውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተንቀሳቀሱ ማውራት ከተቻለና መዝፈን ካልተቻለ መካከለኛ ነው። ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ መሳብ ግድ ካለ ጠንካራ ነው።

10 ደቂቃ ምን ይፈይዳል? 150ው በምን ይሞላል?

እንደማመር። በቀን ሁለት ጊዜ 10፣ 10 ደቂቃ ተሠራ እንበል። ከእያንዳንዱ ውስጥ ትንፋሽ የሚያፈጥነው ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው ማፍታታት ነው። ስለዚህ በቀን 10፣ በ6 ቀን 60 ደቂቃ ይገኛል። ከሰርቪስ ወይም ከባጃጅ ቀደም ብሎ ወርዶ በቀን 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ሲታከልበት 90 ደቂቃ ይጨምራል። ድምሩ 150 ነው። ደሴ ከተማዋ ራሷ ዳገት ስለሆነች እዚያ 15 ደቂቃ ሽቅብ የሄደ ሰው ከበቂ በላይ ሠርቷል።

10 ደቂቃውን በምን በምን እንሙላው?

መጀመሪያ ቦታው ይዘጋጅ። ማሽኑ ይጥፋ፣ የክር መቁረጫ መቀስ ከአንገት ወይም ከጣት ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ይህ የሚረሳ ነገር ነው፤ እጅ ሲወነጨፍ አጠገብ የቆመ ሰው ፊት ላይ የሚያርፈው መቀሱ ነው። በሰውና በሰው መካከል እጅ ተዘርግቶ የማይነካካበት ርቀት ይኑር፣ 1 ሜትር ተኩል ገደማ።

1ኛና 2ኛ ደቂቃ፦ ባሉበት መራመድ። እጅ ከእግር ጋር እየተወዛወዘ፣ ጉልበት ቀስ በቀስ ከፍ እያለ።

3ኛ ደቂቃ፦ ትከሻን ወደ ኋላ 10 ጊዜ ማዞር፣ ቀጥሎ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ አቀራርቦ 5 ሴኮንድ መያዝ፣ 5 ጊዜ። የአንድ ደቂቃ እስክስታም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሰው ሳይለመን የሚሠራው እሱን ነው። ትከሻው ያመመው ግን እስክስታውን ይተወው።

4ኛና 5ኛ ደቂቃ፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ 12 ጊዜ፤ ትንሽ አርፎ እንደገና 12። ለመቀመጥ 3 እስኪቆጠር ቀስ ይባል። ጉልበት ወደ ውስጥ ከተጠጋ ይታመማል፤ የእግር ጣቶች ወደሚያመለክቱበት አቅጣጫ ይሂድ። እጅን ጭን ላይ ተደግፎ መነሳት ለጀማሪ ነውር የለውም።

6ኛ ደቂቃ፦ ግድግዳ መግፋት። መዳፍ በደረት ትክክል ግድግዳ ላይ፣ እግር 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ 12 ጊዜ ጠጋ ገፋ። የስፌት ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው አይሥሩት፤ ይንሸራተታል።

7ኛ ደቂቃ፦ ተረከዝ ማንሳት፣ 20 ጊዜ። ባት ሲኮማተር እግር ላይ የተጠራቀመውን ደም ወደ ላይ ይገፋል። ቆሞ ለሚውል ሰው ከሁሉም የበለጠው ይህ ነው፤ ፈረቃው ሳይቋረጥም በየሰዓቱ 10፣ 10 ጊዜ ማንሳት ይቻላል።

8ኛ ደቂቃ፦ እንደገና መራመድ፣ አሁን ፈጠን ብሎ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሁለት ወደ ግራ። ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን የሚያቅትበት ደቂቃ ይህ ነው።

9ኛ ደቂቃ፦ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ በሌላው እጅ ጣቶችን ወደ ኋላ መሳብ፣ በየእጁ 15 ሴኮንድ። ከዚያ ጆሮን ወደ ትከሻ ዘንበል ማድረግ፣ በየጎኑ 15 ሴኮንድ።

10ኛ ደቂቃ፦ በ4 ቁጥር አየር ማስገባት፣ በ6 ቁጥር ማስወጣት፣ 5 ጊዜ።

ስህተቱ የሚደጋገመው አራት ላይ ነው። አንገትን ሙሉ ክብ ማዞር ያዞራል፣ የአንገት መገጣጠሚያንም ያስጨንቃል። ሲወጠሩ መንጠር ጡንቻን ይሸመቅቃል። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን በአንዴ ሽቅብ ይሰደዋል። አራተኛው ቁጥር ላይ መሽቀዳደም ነው፤ 20 ለመሙላት የተጣደፈ ሰው 20ውንም አበላሽቶ ነው የሚሠራው። ልብ ይበሉ፣ ከላይ ካሉት ውስጥ መሬት ላይ መተኛት ወይም እግርን ወደ ላይ መወርወር የሚጠይቅ የለም። ረጅም ቀሚስ የለበሰችም፣ ሻሽ ወይም ሒጃብ ያሰረችም ሳትሳቀቅ እንድትሠራው ነው።

ስፌት ላይ አንገቴና ትከሻዬ ይቃጠላል። ስፖርቱ ይተወኛል?

ብቻውን አይተውዎትም። መቀመጫው ከተጣመመ በ10 ደቂቃ የተፈታውን የቀሩት 7 ሰዓታት መልሰው ያስሩታል። መጀመሪያ ወንበሩን ይመልከቱ። እጅ ጨርቁ ላይ ሲሆን ክርን ከጠረጴዛው ፊት ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ማለት አለበት። ወንበሩ ካጠረ ትከሻ ወደ ጆሮ ተሰቅሎ ይውላል፤ የሚቃጠለው ያ ነው። ከፍ የሚያደርግ ከሌለ ጠንካራና የማይንሸራተት ትራስ ያስሩበት። ቀጥሎ ፔዳሉ፦ ወደ ውስጥ ርቆ ከተቀመጠ እግር ለመድረስ ሲዘረጋ ወገብ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ይቀራል። መካኒኩ ፔዳሉን ወደ ሰውየው ያምጣው እንጂ ሰውየው ወደ ፔዳሉ አይሂድ።

ከዚያ የክምሩ ቦታ። የተቆረጠው ጨርቅ መሬት ላይ በሳጥን ከተቀመጠ በየቁራጩ መጎንበስ ነው። በሰዓት 40 ቁራጭ የሚነሳ ቢሆን በ8 ሰዓት 320 ጊዜ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ማጎንበስ ማለት ነው። ሳጥኑን በጠረጴዛው ቁመት የሚያቆም የእንጨት መቆሚያ ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል፤ በየትኛውም ፋብሪካ ከምናየው ማሻሻያ ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚያተርፈው እሱ ነው። ብርሃኑም ይታይ። መርፌው አካባቢ ከጨለመ ዓይን ወደ ጨርቁ ይጠጋል፣ አንገት ተከትሎ ይሄዳል።

ቢሮ ለሚውሉ አጭሩ መልስ፦ የስክሪኑ አናት ከዓይን ጋር እኩል ይሁን፣ በየ30 ደቂቃው ይነሱ። ባንክ ቤት ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ መነሳት ከከበደ ብር ለመቁጠር በቆሙ ቁጥር ተረከዝ ያንሱ።

ወገቤን ይዞኛል። ልረፍ፣ ወጌሻ ጋ ልሂድ ወይስ ልሥራ?

ተራ የወገብ ሕመም ከ1 ወይም ከ2 ቀን በላይ አልጋ ላይ ሲተኙበት ይብሳል። በሚችሉት መጠን መራመድ፣ ሕመሙ የማይጨምርበትን እንቅስቃሴ መሥራት፣ ከባድ ማንሳቱን ለጊዜው ማቆም ይሻላል። የተጣመመ አከርካሪ አቃናለሁ ብሎ የሚጫን ወይም የሚረግጥ ወጌሻ ጋ አይሂዱ፤ የተንሸራተተ ዲስክ ካለ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። እግር ከከዳ ወይም ከደነዘዘ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ሽንት ከታገደ ወይም ካመለጠ፣ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ግን በዚያው ዕለት ሆስፒታል ነው።

ለጫኝና አውራጅ፦ በዓለም ላይ የሚሠራበት አንድ የታወቀ ስሌት ሁኔታው ሁሉ ምቹ ሆኖ እንኳ አንድ ሰው የሚያነሳውን በ23 ኪሎ ይወስነዋል። የእኛ ሲሚንቶ 50፣ ኩንታሉ 100 ኪሎ ነው። ስለዚህ ይህ የአነሳስ ትምህርት ብቻ የሚፈታው ጉዳይ አይደለም፤ ጋሪ፣ ሁለት ሰውና ትንሽ ጆንያ ያስፈልጋል። አነሳሱን ለማስተማር ከሆነ ሦስቱን ያስይዙ፦ ሸክሙ ከሆድ ጋር ይጣበቅ፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ ሲዞሩ ወገብ ሳይጠመዘዝ እግር ይዙር። ሰውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ነው።

በረመዳንና በጾም ወራት እናቁመው?

አያቁሙት፤ ይቀይሩት። ወሎ ውስጥ አንዱ መስመር ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሁለቱ ጾመኞች ናቸው፤ አንዱ ሲያፈጥር አንዷ ትጾማለች። ፕሮግራሙም ለሁለቱም መሆን አለበት። በረመዳን ዋናውን 10 ደቂቃ ወደ ጠዋት ያምጡት፤ ሰውነት ከሱሁር የያዘው ውሃ ገና ያለው ያኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለውን ወደ 5 ደቂቃ ማፍታታት ይቀንሱት፣ 8ኛው ደቂቃ ላይ ያለው ፈጣን እርምጃ ይቅር። ፈጠን ያለውን መሥራት የሚፈልግ ካፈጠረ በኋላ ይሥራ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩትም እንዲሁ ናቸው፤ ልዩነቱ ውሃውም ምግቡም አንድ ላይ መከልከሉ እንደየሰው መለያየቱ ነው፤ መሪው ጠይቆ ይወቅ እንጂ በግምት አይሂድ። አርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ ምንም አይቀጠር።

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር (mg/dL) በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ መጾሙን ማቋረጥ አለበት። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ሲጀምረው «ትንሽ ልታገሥ» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ትዕግሥት እዚህ ላይ ይገድላል፤ ስኳር ያለበት መጠጥ ወዲያው ይሰጠው።

አሠሪ ነኝ። ምርቴ አይቀንስም?

10 ደቂቃ ከ480 ደቂቃ 2 ከመቶ ገደማ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ 4 ከመቶ ገደማ። ይህ ወጪ ነው፤ የለም ብሎ ማሳመን አያስፈልግም። ይልቅ በምላሹ ምን እንደሚያገኙ ይለኩ። በአንድ መስመር ብቻ ይጀምሩ። ከመጀመሩ በፊት የ4 ሳምንት፣ ከተጀመረ በኋላ የ12 ሳምንት አራት ነገሮች ይመዝገቡ፦ ከሥራ የቀሩ ቀናት፣ ለወገብ፣ ለአንገትና ለእጅ ሕመም የተሰጡ የክሊኒክ ወረቀቶች፣ በመርፌ የመወጋት አደጋ፣ ተመልሶ የሚፈታ ስፌት። ጎረቤቱ መስመር ለማነጻጸሪያ ይቆይ። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚገድለው አንድ ስህተት አለ። ሥራ አስኪያጁ 10 ደቂቃ ይፈቅዳል፣ የቀኑ ታርጌት ግን ባለበት ይቆያል። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ የሚጠየቀው በታርጌቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው «ዛሬ ኦርደር አለብን» ይሆናል። 10 ደቂቃ ከተፈቀደ ከታርጌቱም የ10 ደቂቃው ቁራጭ በጽሑፍ ይቀነስ። ይህ ካልሆነ አይጀምሩት፤ ተጀምሮ የተነጠቀ ነገር ሠራተኛውን ከበፊቱ ይልቅ ያስቀይማል።

በ2009 ዓ.ም በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት ባሉ የልብስ ፋብሪካዎች አብዛኛው ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት። ብዙዋ ከገጠር የመጣች፣ ቤት ተጋርታ የምትኖር፣ ቁርስ ሳትበላ የምትገባ ናት። በባዶ ሆድ ጠዋት መዝለል ያስወድቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ከስፖርቱ አስቀድሞ የሻይ ሰዓቱና ዳቦው ይስተካከል።

ሕጉን ለሚጠይቁ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስፖርት አሠሩ አይልም። ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋና መከላከያው በቂ ትምህርት እንዲያገኝ፣ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲቋቋም ግን ያስገድዳል። ፕሮግራሙን በዚያ ኮሚቴ በኩል ማካሄድ ከአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ያወጣዋል። ጃፓን በ1928 እ.ኤ.አ. በራዲዮ የጀመረችው የጠዋት እንቅስቃሴ ዛሬም በፋብሪካና በግንባታ ቦታዎቿ ይሠራል። የቆየበት ምክንያት ሰዓቱ የታወቀ፣ እንቅስቃሴው ማንም የሚችለው መሆኑ ነው።

ማን ይምራው?

ከመስመሩ የወጣ ሰው። ለ20 እስከ 25 ሰው አንድ መሪና አንድ ተተኪ ይበቃል፤ ሴቶች በሚበዙበት ሴት ትምራ። ጉልበተኛውን ወይም ስፖርተኛውን አይምረጡ። ሰው የሚወደውን፣ ቀስ ብሎ የሚያሳየውን ይምረጡ። ፊዚዮቴራፒስት ወይም የስፖርት ባለሙያ ሁለት ግማሽ ቀን ያሠልጥናቸው፣ በ3 ወር አንዴ መጥቶ ስህተቱን ያርም።

ፊሽካ አይጠቀሙ። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሠራተኛ ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል። ድንገተኛ ድምፅና ጩኸት አሁንም የሚያስደነግጠው አለ። ማጨብጨብ ወይም ሙዚቃውን ከዝቅታ ጀምሮ ከፍ ማድረግ ይሻላል። ማታ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ድምፅ ሲሰማ የሚርድ፣ ከሰው የሚሸሽ ባልደረባ ካለ ይህ ስንፍና አይደለም። በጤና ትምህርቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ ይሁን፤ ሥነ አእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል የሚላክበት መንገድም አስቀድሞ ይታወቅ።

የጤና ትምህርቱ በአዳራሽ ተሰብስበን ስላይድ እያየን ነው። ማንም አያዳምጥም።

አዳራሹን ይተዉት። 15 ደቂቃ፣ አንድ ርዕስ፣ 15 ሰው፣ ቡና ተፈልቶ። የወሎ ቡና ራሱ ሦስት ክፍል አለው። በአቦል ጥያቄው ይቅረብ፦ «ትናንት ስንት ማንኪያ ስኳር ጨመርን?» በቶና ይታይ፦ ስኳሩ በሳህን ላይ በማንኪያ ተለክቶ ይፍሰስ። ሦስት ስኒ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሆነ 6 ማንኪያ፣ ከ24 እስከ 30 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከሚያስቀምጠው የቀን ጣሪያ፣ 50 ግራም ገደማ፣ ግማሹ በቡና ብቻ ሄደ ማለት ነው፤ ለስላሳው ገና አልተቆጠረም። በበረካ እያንዳንዱ ሰው እስከ ሚቀጥለው ሳምንት የሚያደርገውን አንድ ነገር ይናገር። «ከሁለት ወደ አንድ» ያለ ሰው ተሳክቶለታል።

ጨውም እንዲሁ። የቀኑ ጣሪያ 5 ግራም፣ ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። የፋብሪካው ክበብ ለ100 ሰው ምሳ ሲሠራ ሲሶውን ቢወስድ 170 ግራም ገደማ ይደርሰዋል፤ በዚህ ውስጥ ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጁ የገባባቸው ጨው ይቆጠራል። ወጥ ሠሪዋ ለብዙ ዓመት በእጇ ስትመጥን ኖራለች፤ ሚዛን ይዞ ሄዶ ማሳፈር ሳይሆን መጀመሪያ የምታደርገውን መመዘን፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አሥረኛ መቀነስ ነው። ምላስ አያውቀውም። በአንዴ ከተቀነሰ ግን ሠራተኛው ጨው ከጠረጴዛ ላይ ይነሰንሳል፣ ያው ይሆናል።

ሳምንት ሳምንት የደም ግፊት ብንለካ ጥሩ አይደለም?

በትክክል ከተለካ ጥሩ ነው። በሩጫ መጥቶ ቆሞ፣ ከሹራብ በላይ የተለካ ግፊት ሰውን ያለ በሽታው በሽተኛ ያደርጋል። ከመለካቱ በፊት 30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራ፣ ጫትና ስፖርት አይኑር፤ ፊኛ ባዶ ይሁን። 5 ደቂቃ ጀርባን ተደግፎ፣ እግር ሳይቆላለፍ መሬት ረግጦ መቀመጥ። ክንድ ባዶ፣ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል። ሲለካ ማውራት የለም። አንድ ደቂቃ አርፎ ይደገም። መጠቅለያው ለክንዱ ካነሰ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ መካከለኛና ትልቅ፣ ሁለት መጠን ይግዙ።

በተለያዩ ቀናት 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። 180/120 ደርሶ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ወዲያው ሆስፒታል። ውጤቱ የሠራተኛው ነው። ለሰው ሀብት ክፍል የሚሰጥ፣ በሰሌዳ የሚለጠፍ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት የሚመጣ አይኖርም፤ መምጣትም የለበትም።

ጫትን ምን እንበል?

እውነቱን። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ ምግብ ያስጠላል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነቅቶ ያቆየ መስሎ በማግሥቱ ማሽን ላይ ያስተኛል። ቅሞ ወዲያው ኳስ መጫወት ወይም መሮጥ ልብን በሁለት በኩል መግረፍ ነው። ስድብና ውግዘት ግን አያስፈልግም። ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ በሌሊቱ እኩሌታ ላይ የ10 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ብርሃንና ትኩስ ነገር ማቅረብ ከስብከቱ ይሻላል።

ቅዳሜ ኳስ እንጫወታለን፤ ያ አይበቃም?

የመሥሪያ ቤት ቡድንና የጤና ቡድን ደስ የሚሉ ነገሮች ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ ቅዳሜ ብቻ የሚሮጥ የ45 ዓመት ሰው ግን የቋንጃ ጡንቻውን የሚበጥሰው እዚያ ነው። 10 ደቂቃ ሳያሟሙቁ አይግቡ፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የጠዋት ብርዷ 15 ደቂቃ ያስጠይቃል። ከቆላ ለመጣ እንግዳ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ቀስ ይበል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው፤ ከሰዓቱ ሙቀት ላይ ሳይጠሙ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። ደግሞም ኳሱ 22 ሰው ያጫውታል። ሌላው 300 ሰው ተመልካች ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ልሥራ?

ሐኪም ካልከለከለዎት ይሥሩ። መዝለል ያለበትን ይተዉ፣ ግድግዳ መግፋቱና ተረከዝ ማንሳቱ ይቀጥል፣ መነሳት መቀመጡ ወንበር ተይዞ ይሁን። ደም ከታየ፣ ፈሳሽ ከወጣ፣ ሆድ ከተኮማተረ፣ ከዞረብዎት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቆመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በነገራችን ላይ የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትንና ትርፍ ሰዓት መመደብን ይከለክላል። ይህን የማታውቅ ብዙ ናት፤ የትምህርቱ ክፍል ይሁን።

ሰው በእንቅስቃሴ መሀል ቢወድቅስ?

ይጥሩት፣ ትከሻውን ይነቅንቁ። የሚተነፍስና የሚነቃ ከሆነ አጋድመው እግሩን ከፍ ያድርጉ፣ ቀበቶውንና የልብሱን አንገት ያላሉ፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው ገለል ይበል። የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው ለአምቡላንስ ይደውል፣ ሌላው ወዲያው ደረት ይጫን፦ በደረት መሀል፣ በሁለት መዳፍ፣ ክርን ሳይታጠፍ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፤ በየ2 ደቂቃው ሰው እየተቀያየረ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ውሃ ፊት ላይ መርጨትና ክብሪት ማሽተት ጊዜ ይበላል። የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር በየመስመሩ ግድግዳ ላይ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ይለጠፍ፣ ከሥሩም አምቡላንሱ የሚገባበት በር የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። ለጥበቃዎቹም ይነገር፤ በር ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ የሚያልፈው ደቂቃ ከዚሁ ሰው ዕድሜ ላይ ይቆረጣል።